ስም ዝርዝሩን ከመላኬ በፊት

ልጄ፣ «ጋሼ፣ ለሁለቱም ልጆች የሚሆን የልቦለድ ስም ጻፍልኝ፤ ስልክ ከእጃቸው አልወርድ ብሎኛል» ያልሽኝን መልእክት አየሁት። ስም መጻፉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ነገሩ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዳይሆንብሽ፣ አስቀድሜ የማወጋሽ አለኝ። እንደምታውቂው ዕድሜዬን ግማሽ ያህሉን አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምርና የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ይዤ ስዞር ነው የጨረስሁት። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ የልጅ ልጆቼ የሚያነቡትን ከሥር ከሥር እየተከተልሁ አነባለሁ። እንግሊዝኛዬ ቀስ ይላል፤ ቢሆንም ጡረተኛ የሚቸኩልበት የለውም።

መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ፤ ልጅሽን አሁን፣ በዚህ ሳምንት፣ ምን ያስቀዋል? ልጅቷስ በሯን ዘግታ የምታለቅሰው ለምንድን ነው? ይህን ሳታውቂ መጽሐፍ ልግዛ ካልሽ ገንዘብሽን ነው የምታባክኚው። እኔ ዘንድ የሚመጡ ወላጆች ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አንዱ «ጨዋነት የሚያስተምር» ይለኛል፤ አንዷ «ባህላችንን የሚያሳውቅ»፤ ሌላው «በትምህርቱ እንዲበረታ የሚያደርግ»። «ልጄን የሚያስቀው መጽሐፍ አለ ወይ?» ያለኝ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» የተባለው ለጨቅላ ብቻ መሰለሽ? የ14 ዓመት ልጅም ንፍጥ አለው፤ በር መዝጋቱ፣ ለጥያቄሽ ሁሉ በአንዲት ቃል መመለሱ፣ ከቤት ሰው ይልቅ ጓደኛውን ማመኑ፣ የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ ከኋላ ወደ ፊት እየገለበጠ መሳቁ። መጽሐፍ የሚመረጠው ለዚህ ልጅ ነው እንጂ፣ ወደፊት እንዲሆንልሽ ለምትመኚው ሐኪም ወይም መሐንዲስ አይደለም። በታሪክ ተጠቅልሎ የመጣ ስብከት ከሆነ ደግሞ ልጅ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያውቀዋል። አውቆም ዝም ብሎሽ ይተወዋል፤ አንቺም «ልጄ ማንበብ አይወድም» እያልሽ ለሰው ታወሪያለሽ።

ለዚህ ዕድሜ የሚጻፈው ልቦለድ በአሜሪካ የራሱ መደርደሪያና የራሱ ሽልማት ያለው ዘርፍ ነው። ብዙ ሰው መነሻውን የሚቆጥረው ከኤስ. ኢ. ሂንተን «ዚ አውትሳይደርስ» ነው። የቱልሳ፣ ኦክላሆማ ልጅ ናት፤ 15 ዓመቷ ላይ መጻፍ ጀምራ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተምላት ገና 18 ዓመቷ ነበር። ስሟን አሳታሚዎቿ በሁለት ፊደል ያሳጠሩት፣ ሴት መሆኗ ከታወቀ ወንዶቹ ሐያሲያን ይንቁታል ብለው ነው። የጻፈችውም በከተማዋ ያየችውን የሀብታም ልጆችና የድሃ ልጆች ጠብ ነው። የዘርፉን መንገድ ከጠረጉት አንዷ ራሷ የዕድሜው ልጅ ስለነበረች ይመስለኛል፣ ዛሬም በዚህ ዘርፍ ጎበዝ የምላቸው ደራሲዎች አንባቢያቸውን ቁልቁል አያዩትም።

እሺ፣ ወደ ልጅሽ። ቅርጫት ኳስ ካለ የሚተርፈው ልብ እንደሌለው አውቃለሁ። እንግዲያው በክዋሜ አሌክሳንደር «ዘ ክሮስኦቨር» ይጀምር። እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት ኒውቤሪ የሚባለውን የልጆች መጻሕፍት ሜዳልያ ያገኘ ነው። ጆሽና ጆርዳን የሚባሉ መንትዮች ኳስ ይጫወታሉ፤ አንደኛው ፍቅር ሲይዘው በወንድማማቾቹ መካከል ነፋስ ይገባል። አባታቸው የቀድሞ ተጫዋች ነው፤ ደም ግፊት አለበት፤ ሐኪም ቤት ሂድ ቢሉት አሻፈረኝ የሚል ዓይነት ሰው ነው። (ባልሽም ቢያነበው አልጠላም። እኛ ወንዶች እኮ ደረታችንን ይዘን «ጋዝ ነው» እያልን ነው የምንሞተው።) ሙሉው የተጻፈው በአጫጭር ስንኝ ስለሆነ ገጹ ላይ ከጽሑፍ ይልቅ ነጩ ወረቀት ይበዛል። ማንበብ የሚታክተው ልጅ 40 ገጽ መሄዱን ሳያውቀው ይሄዳል። ልክ ነው፣ አንዳንዱ መምህር ይህን እንደ ማታለል ያየዋል። እኔ ግን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ባይ ነኝ።

እሱን ከጨረሰ የጄሰን ሬኖልድስን «ሎንግ ዌይ ዳውን» ስጪው። ሬኖልድስ የዚሁ የእኛ አካባቢ ሰው ነው፤ ዋሽንግተን ተወልዶ ሜሪላንድ፣ ኦክሰን ሂል ያደገ። ራሱ በየመድረኩ እንደሚናገረው እስከ 17 ዓመቱ ድረስ አንድ ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ አያውቅም ነበር። የሚጽፈውም ለዚያ፣ ማንበብ ለማይወደው ልጅ ነው። ዊል የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ወንድሙ በጥይት ተገድሎበታል። የሰፈሩ ሕግ ሦስት ነው፤ አታልቅስ፣ አትጠቁም፣ ደም መልስ። ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ ሊፍት ውስጥ ይገባል። ሊፍቱ በየፎቁ ይቆማል፤ በቆመ ቁጥር አንድ ሰው ይገባል፤ የሚገቡት ሁሉ በጥይት የሞቱ ናቸው። የቀረው ታሪክ ወደ ምድር ቤት እስኪወርድ ባለችው አንዲት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ደም መመላለስ እኛ አገርም ስንት ቤት እንደዘጋ ስለማውቅ፣ እኔ ሽማግሌው እንባ እየተናነቀኝ ነው ያነበብሁት። መጨረሻው ክፍት ነው፤ ልጁ ይግደል አይግደል አይነግርሽም። ልጅሽ ሲጨርስ «ታዲያ ምን ተማርህ?» እንዳትይው! ከዚያ መጽሐፍ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ አትንኪበት።

ወደ ልጅቷ ስመጣ ጉዳዩ ጠበቅ ይላል። 16 ዓመቷ ነው፤ በዚያ ላይ አንቺ እሑድ እሑድ ለቅዳሴ በ11 ሰዓት ቀስቅሰሽ የምትወስጃት ልጅ ናት። ለእሷ የማስበው የኤሊዛቤት አሴቬዶን «ዘ ፖየት ኤክስ» ነው። አሴቬዶ ወላጆቿ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጡ የኒውዮርክ ልጅ ናት። ደራሲ ከመሆኗ በፊት እዚሁ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ 8ኛ ክፍል ታስተምር ነበር፤ ተማሪዎቿ በሚሰጧቸው መጻሕፍት ውስጥ ራሳቸውን አለማግኘታቸውን ያየችው እዚያ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2018 ናሽናል ቡክ አዋርድን በወጣቶች ዘርፍ አሸንፏል።

ባለታሪኳ ሲዮማራ የሃርለም ልጅ ናት፤ 15 ዓመቷ ነው። እናቷ ከቤተ ክርስቲያን የማትቀር፣ ልጇን ወንድ እንዳያይብኝ ብላ የምትሰጋ፣ ቃሏ የማይታጠፍ ሴት ናት። ልጅቷ በአፏ ያላወጣችውን ሁሉ በደብተር በግጥም ትጽፋለች። እናትየዋ ደብተሩን አግኝታ ታነበዋለች፤ ከዚያም ልጅቷ እያየች ታቃጥለዋለች። ይህ ክፍል ላይ ስደርስ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። እሳቱን አይደለም ያሰብሁት፤ እናትየዋን ነው። ደራሲዋ ጭራቅ አላደረገቻትም። ምንኩስና የምትመኝ ሴት ነበረች፤ ዘመዶቿ አሜሪካ የሚያስገባ ባል ዳሯት፤ ያልመነኰሰችውን ምንኩስና በልጇ ላይ ነው የምትኖረው። እንደዚህ ያለች እናት ከዕድራችን ውስጥ አታጪም። እንግዲህ ልንገርሽ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ልጅቷ ፍቅር ይይዛታል፤ ስለ ሰውነቷም ስለ እምነቷም የምትጠይቀው ጥያቄ ደፋር ነው። አንቺ ሳታነቢው አትስጫት። ካነበብሽው በኋላ ግን የምትከለክያት አይመስለኝም።

ሌሎቹን ባጭሩ ልበል። የአንጂ ቶማስ «ዘ ሄት ዩ ጊቭ» (እ.ኤ.አ. 2017) የልጅነት ጓደኛዋ በፖሊስ ሲገደል ያየች ልጅ ታሪክ ነው፤ በሰፈሯ አንድ ሰው፣ በሀብታሞቹ ትምህርት ቤት ሌላ ሰው ሆና መኖር ያደከማት ልጅ። የእኛም ልጆች ከቤት ወጥተው ትምህርት ቤት እስኪደርሱ ስንቴ እንደሚለዋወጡ ብታይ ይገርምሽ ነበር። የሱዳኗ ልጅ የሳፊያ ኤልሒሎ «ሆም ኢዝ ኖት ኤ ካንትሪ» (እ.ኤ.አ. 2021) ደግሞ ካላየችው አገር ናፍቆት ጋር የምታድግ ልጅ ታሪክ ነው፤ የእናቷ የድሮ ዘፈንና የድሮ ፎቶ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ በላይ የሚቀርባት። እሱም በስንኝ ነው። ለምትጽፍ ልጅ ጥሩ ነው።

አሁን ግን አንቺንም የሚነካውን ልንገርሽ። «ሬፊዩጂ ቦይ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የቤንጃሚን ዜፋናያ መጽሐፍ ነው። ዜፋናያ በርሚንግሃም የተወለደ፣ ወላጆቹ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ባለቅኔ ነበር፤ በ13 ዓመቱ ማንበብና መጻፍ በወጉ ሳይችል ከትምህርት ቤት ወጥቶ፣ ፊደልን ጎልምሶ የተማረ ሰው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው ያረፈው። ባለታሪኩ አለም ይባላል፤ 14 ዓመቱ ነው፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። መጽሐፉ ሁለት ጊዜ ነው የሚጀምረው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ወታደሮች በር ሰብረው ይገቡና በእናትየዋ ምክንያት «ውጡ» ይሏቸዋል። ገጹን ስትገልጪ ኤርትራ ናቸው፤ ወታደሮች በር ሰብረው ይገባሉ፤ አሁን ደግሞ በአባትየው ምክንያት። አጻጻፉ ሆን ተብሎ አንድ ዓይነት ነው። የ1990 ዓ.ም.ን የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በዚያ ዕድሜ ላለ ልጅ ከዚህ በተሻለ ያስረዳ ጽሑፍ አላየሁም።

ከዚያ አባትየው ልጁን «ለዕረፍት» ብሎ እንግሊዝ ይወስደዋል። ዳቸት በምትባል ትንሽ ቦታ ሆቴል ያድራሉ። ልጁ ደስ ብሎታል፤ ሁሉም ነገር አዲስ ነው። ጠዋት ሲነቃ አባቱ የለም፤ ያለው ደብዳቤ ነው። ልጁን ለማትረፍ ጥሎት ሄዷል። የቀረው ታሪክ ማሳደጊያው፣ ተቀብሎ ያኖረው ቤተሰብ፣ «ይቆይ ወይስ ይመለስ» እያለ የሚከራከርበት ፍርድ ቤት ነው። እስከ መጨረሻው አልነግርሽም፤ ከባድ ነው። ለመድረክ ያዘጋጀው ለምን ሲሳይ ነው፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ እሱ ግን በእንግሊዝ በሰው ቤትና በማሳደጊያ ያደገ ባለቅኔ። ለሥራው ከእሱ የቀረበ ሰው ከየት ይገኝ ነበር?

ለምን አንቺን ይነካል አልሁ? «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል፤ ይህ መጽሐፍም ያወጣዋል። በዚያ ጊዜ በሁለቱም በኩል ጎረቤት ከጎረቤት ተለይቶ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ድንበር ተሻግሯል። ከቤታችን ግድግዳ ላይ ለምን አንዳንድ ፎቶ እንደወረደ ልጆቻችን አያውቁም። ልጅሽ አንብቦ ሲጨርስ «እማዬ፣ ያኔ እናንተ የት ነበራችሁ? ማን ሄደባችሁ?» ይልሻል። መልስ ከሌለሽ መጽሐፉን ለጊዜው አቆዪው። መልስ ካለሽ ግን፣ እኔ በሕይወት ሳለሁ ቢጠይቅሽ ይሻላል፤ የጎደለውን እሞላልሻለሁ።

ስለ ከባድ ጉዳይ ካነሳን አይቀር፣ እዚህ አገር መጻሕፍት ከትምህርት ቤት መደርደሪያ ይነሱ የሚል ሙግት እንዳለ ሰምተሻል። «ዘ ሄት ዩ ጊቭ»ም፣ የሎሪ ሃልስ አንደርሰን «ስፒክ»ም ብዙ ጊዜ ይነሱ ከተባሉት ውስጥ ናቸው። «ስፒክ» እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ነው፤ አንዲት ልጅ በድግስ ላይ ተደፍራ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ድምፅዋ እየጠፋ የሚሄድበት ዓመት ነው የሚተረከው። ከእኛም ሰው «ይህን ለልጅ?» የሚል አላጣሁም። የወላጅ ስጋት ይገባኛል፤ ለ12 ዓመት ልጅ እኔም አልሰጥም። መጽሐፉን አባርሮ ዓለሙን እንዳለ መተው ግን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው። እንዲህ ያለ ነገር በልጅ ላይ ሲደርስ የሚያቆየው ዝምታው ነው፤ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚሉትም ይህንኑ ነው። ልጅሽ ያንን መጽሐፍ አንብባ አንቺ ደግሞ ማንበብሽን ብታውቅ፣ አንድ ቀን ለራሷም ሆነ ለጓደኛዋ መናገር ካስፈለጋት ማን ዘንድ እንደምትመጣ ታውቃለች።

አሰጣጡ ላይ ልግባ፤ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል»። በልደቱ ቀን ተጠቅልሎ፣ እንግዳ ፊት፣ «ይህን አንብብ፣ ይጠቅምሃል» ተብሎ የተሰጠ መጽሐፍ ሞቷል። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ አንቺ እያነበብሽው የነበረ መስሎ ይቀመጥ፤ መስሎም ብቻ አይሁን፣ አንብቢው። ራስሽ ሌሊቱን ቲክቶክ ላይ አድረሽ ልጁን «መጽሐፍ ያዝ» ካልሽው፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚል ሌላ ሰው አያስፈልግም፤ ልጁ ራሱ በዓይኑ ይልሻል። «ስንት ገጽ ደረስክ?» አይባልም። «ጨርስ»ም አይባልም። «የሚያጠግብ እንጀራ ከምጣዱ ያስታውቃል»፤ 50 ገጽ ሄዶ ካልጣመው ይተወው፣ ሌላ ይያዝ። እኛ እኮ አልጥም ያለንን መጽሐፍ እንጥላለን፤ ልጅ ላይ ሲሆን ነው ጽናት የምንሰብከው።

ገንዘብ አታውጪ። የካውንቲሽን የቤተ መጻሕፍት ካርድ በነፃ ታወጫለሽ፤ በካርዱ ሊቢ የሚባለውን መተግበሪያ ስልካቸው ላይ ጫኚላቸው፤ መጽሐፉም በድምፅ የተነበበውም እዚያ በውሰት አለ። «ሎንግ ዌይ ዳውን»ን ሬኖልድስ ራሱ፣ «ዘ ፖየት ኤክስ»ን አሴቬዶ ራሷ ናቸው የሚያነቧቸው። ባለፈው ክረምት ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ መኪና ተዘጋግቶ ቆመን የራሴ ልጅ «ሎንግ ዌይ ዳውን»ን ከፈተችው። የልጅ ልጄ ከኋላ ወንበር፣ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን አውጥቶ፣ ቀጥሎም ሌላውን። ቤት ደርሰን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ «ቆዩ፣ አንድ ፎቅ ነው የቀረው» ብሎ አላስወርድ አለን። «መስማት ማንበብ አይደለም» የሚለኝ ሰው አለ። እስቲ አንቺ ፍረጂ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስንቶቻችን ነን መጀመሪያ ያወቅነው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ? መጽሐፉን የገዛነው ከዚያ በኋላ ነው።

አማርኛውን ረሳኸው እንዳትይኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ለዚህ ዕድሜ ተብሎ በአማርኛ የተጻፈ ልቦለድ በጣም ትንሽ ነው። ልጆቻችን ከተረት ዘለው በቀጥታ የአዋቂ ልቦለድ ላይ ነው የሚያርፉት። እኛም እንዲሁ ነበርን። የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» ከደብተር ሥር ደብቀው ሲያነቡ ያገኘኋቸውን ተማሪዎች መቁጠር አልችልም፤ ነጥቄያቸውም አላውቅም። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ ሐያሲያኑ ብዙ አሉት፤ እኔ ግን መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቅ ልጅ ወረፋ ሲጠብቅበት አይቻለሁ፤ ስለላው፣ ጣና ገዳሙ፣ ምሥጢሩ አላስተኛው ብሎ። የዘነበ ወላ «ልጅነት» ደግሞ እናንተ ቤት ጮክ ብሎ ቢነበብ ይሻላል። አማርኛ ፊደል ለሚከብዳቸው ልጆች አንቺ ወይም አባታቸው ማታ ማታ ሁለት ሁለት ገጽ አንብቡላቸው። ትልቅ ልጅ አይነበብለትም ያለ ማነው?

እንግዲህ ዝርዝሩን ፈልገሽ አልነበር፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ለወንዱ «ዘ ክሮስኦቨር»፣ ካለቀ «ሎንግ ዌይ ዳውን»። ለሴቷ «ሆም ኢዝ ኖት ኤ ካንትሪ»፣ ቀጥሎ «ዘ ፖየት ኤክስ»፤ «ስፒክ»ን አንቺ ካነበብሽው በኋላ። «ሬፊዩጂ ቦይ»ን ለማንም አትስጪ፤ መጀመሪያ ራስሽ ያዥው። ስትጨርሺ ደውዪልኝ፤ ያኔ ስለ አጎትሽ ሚስት የማወራሽ ነገር አለ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ የጆሮ መስሚያዬን አወልቀዋለሁ።